ወረቀት የሚያፈስ ሪፖርት

ጥያቄ፦ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በኤስኤፒ ሪፖርት ባወጣሁ ቁጥር ማንም የማያነበው ወረቀት ከፕሪንተሩ ይጎርፋል። ሪፖርቱን ሳላጣ ኅትመቱን ብቻ ማስቆም ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ሪፖርቱ መጀመሪያ የሚገባው ስፑል ወደሚባለው ወረፋ ነው፤ ወዲያው ወደ ፕሪንተር የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ የራስዎ ቅንብር ነው። ኤስዩ3 በሚለው የኤስኤፒ ኮድ ይግቡና ወዲያው እንዲታተም የሚያዘውን ምልክት ያንሱ። ከዚያ ሪፖርቱን በኤስፒ02 ከፍተው በስክሪን ያነቡታል፤ ሲያስፈልግ ብቻ ያትሙታል። የመቆያ ቀኑን ካልቀየሩት በስተቀር ሪፖርቱ በስፑል የሚቆየው 8 ቀን ነው።

ሌሊት በራሱ የሚሠራው ሪፖርት ግን ሌላ ነው። የኅትመት ትእዛዙ ከሥራው ጋር ስለተቀመጠ፣ የሲስተም አስተዳዳሪው በኤስኤም37 ያስተካክለው። ፕሪንተሩን ማጥፋት አይበጅም፤ የተጠራቀመው ሁሉ ሲበራ ይወጣል።