የቤት ቅባት ለምን እንደ አሸዋ ይሻክራል?

የጥቅምት ነፋስ ሲነሣ ከንፈሩ ያልደረቀ፥ ተረከዙም ያልተሰነጠቀ ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሱቁ ቅባት ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ ስላልሆነ፥ ሰምና ቅቤ አቅልጠው የራሳቸውን የሚሠሩ ጓደኞቻችን አሉ፤ ይኸውም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቅባቱ በሳምንቱ ሲሻክርባቸው «ተበላሸ»፥ አለዚያም «ነጋዴው ባዕድ ነገር ቀላቅሎበታል» እያሉ ይጥሉታል። ሁለቱም አይደለም።

የተነጠረ ቅቤ ምድጃ ዳር ሲያድር ጧት ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ እንደሚገኝ ከቤታችን እናውቃለን። በጋምቤላ ከሚበቅለው የሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ቅቤም ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ቅቤ ለዓይን አንድ ነገር ይምሰል እንጂ የልዩ ልዩ ስቦች ድብልቅ ነው፤ አንዳንዶቹ በጥቂት ሙቀት ይቀልጣሉ፥ ሌሎቹ ግን ብርቱ ሙቀት ይፈልጋሉ። ቅባቱ ቀስ ብሎ ሲበርድ ጠንካሮቹ ቀድመው ይረጉና እየተሰባሰቡ በጣት የሚዳሰስ ቅንጣት ይሠራሉ። ፈጥኖ ሲበርድ ግን ሁሉም ባንድነት ስለሚረጋ ቅንጣቱ ከድቀቱ የተነሣ አይታወቅም። ሳይቀልጥ የቀረ ጥቂት ቅንጣትም እንደ እርሾ ሆኖ ሌላውን ይስባል። እንግዲህ ልስላሴው የሚገኘው ከማማሰል ብዛት ሳይሆን፥ ፈጽሞ ከማቅለጥና ፈጥኖ ከማብረድ ነው።

ለሰሙ ከጠጅ ጠማቂዎች የሚገኘው ሰፈፍ ይበቃል። (በቅኔ ሰሙን ገልጠን ወርቁን እንፈልጋለን፤ እዚህ ግን ወርቁን ጠጪዎች ስለወሰዱት ለእኛ የቀረልን ሰሙ ነው።) ሰፈፉን በውሃ አፍልቶ በጨርቅ ማጥለል፥ ሲረጋ ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ ፍቆ ማድረቅ ነው፤ የጠጁ ሽታ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ይሻላል።

መጠኑ 20 ግራም ሰም፥ 40 ግራም የሺያ ቅቤ፥ 40 ግራም የሰሊጥ ዘይት ነው። ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ፥ ዕቃውን ሙቅ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ በቀጥታ እሳት ላይ የጣደው እንደሆነ ሊቀጣጠልበት ይችላል። ሰሙና ዘይቱ ከቀለጡ በኋላ ቅቤው ይጨመራል። ሁሉም ጠርቶ አንዳች ቅንጣት ሳይታይበት፥ በደረቅ ቆርቆሮ ገልብጦ ቆርቆሮውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማቆም ነው፤ ጠብታ እንዳይገባበት ብቻ ይጠንቀቁ። የላም ቅቤ የሚጠቀም ሰው ውሃውና አሬራው እስኪለይ ድረስ ያንጥረው፤ ኮረሪማ የገባበትን ግን ለወጥ ይተወው!

ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ የተቀመጠ ቅባት ቀልጦ ቀስ ብሎ ስለሚረጋ እንደገና ይሻክራል። ያን ጊዜ ፈጽሞ አቅልጦ በቶሎ ማብረድ ይበቃል። ሽታው የተለወጠ ቅባት ግን ቢያቀልጡትም አይመለስምና የሚጣለው እሱ ነው።