ተዘዋዋሪ ሕክምናና በደን ውስጥ የሚኖሩ ወገኖች



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው፣ ከመንገድ ርቀው በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ለሚኖሩ ሕዝቦች ሕክምና እንዴት ሊደርሳቸው እንደሚችል ነው። ነገሩ ሲታይ የሐኪሞችና የመንግሥት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከመንደር መንደር በእግራቸው የሚጓዙት፣ የታመመ የሚጠይቁትና አራስ ቤት የሚገቡት ካቴኪስቶቻችን ከብዙዎች ይልቅ የሚያውቁት ጉዳይ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ልናነሣው ወደድን። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከሕንድ አገር ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ተዘዋዋሪ ሕክምና ሲባል ወደ አሳባችን የሚመጣው፣ ነርስና መድኃኒት የጫነች መኪና ጭቃውን አልፋ በአንድ ዛፍ ሥር ስትቆም ነው። ከመኪናዋ የክትባት ሣጥን ይወርዳል፤ በውስጡም ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ ይቆያል። እርጉዞች ይመረመራሉ፣ ሕፃናት ይመዘናሉ፣ ዓይኑ የደከመ፣ ቁስሉ ያልሻረለት ሁሉ ይሰለፋል። ቻቲስጋር በተባለው የሕንድ ክፍለ ሀገር ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ያለው ቡድን በደን አካባቢ በሚገኙ ሳምንታዊ ገበያዎች እንዲገኝ ተደርጓል። ይህ ብልህነት ያለበት አሠራር ነው፤ ሰው ለመድኃኒት ባይወጣ እንኳ ለጨው መውጣቱ አይቀርምና። የአገራችንም አንባቢ የገበያ ቀን ምን ያህል ሰው እንደሚያሰባስብ አይጠፋውም።

ነገር ግን አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። መኪናዋ በወር አንድ ቀን የምትመጣ ብትሆን በዓመት 12 ቀን ትገኛለች ማለት ነው፤ የቀሩትን 353 ቀኖች መንደሩ ያለ ሐኪም ያሳልፋል። ክትባት ቀጠሮ ይጠብቃል፤ ወባ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ያልታከመ ሕፃን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም እንደ ልማዱ ስድስት ወር ያለ ማቋረጥ መድኃኒት መውሰድን ይጠይቃልና በወር አንድ ቀን በሚመጣ እንግዳ ብቻ አይፈጸምም። ስለዚህ ስለ ተዘዋዋሪ ሕክምና ስንጠይቅ፣ መኪናዋ ምን ይዛ መጣች ከማለት ይልቅ፣ በሄደች ጊዜ በመንደሩ ማንን ትታ ሄደች ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የጋድቺሮሊ ምሳሌ

ጋድቺሮሊ፣ ዋና ከተማው ሙምባይ በሆነው በማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር ምሥራቃዊ ጫፍ ይገኛል። አብዛኛው መሬት በደን የተሸፈነ ነው። በዚያ የሚኖሩት የጎንድና የማድያ ጎንድ ነገዶች ሩዝ ይዘራሉ፣ ከደኑም የዱር አበባ፣ ፍሬና ቅጠል ይለቅማሉ። ክረምት ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ፣ ብዙ መንደሮችም ከውጭው ዓለም ይቆረጣሉ፤ ወባውም የሚበረታው በዚያው ወቅት ነው።

ወደዚህ ምድር ለማገልገል ከገቡት አስቀድሞ የሚጠቀሱት፣ በ1973 ሄማልካሳ በተባለ ሥፍራ የሰፈሩት ዶክተር ፕራካሽ አምቴና ባለቤታቸው ዶክተር ማንዳኪኒ ናቸው። እኛ ግን በሰፊው የምንመለከተው በ1986 ወደ ጋድቺሮሊ የመጡትን ዶክተር አብሃይ ባንግንና ባለቤታቸውን ዶክተር ራኒ ባንግን ነው። እነዚህ ባልና ሚስት በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ተምረው ሲመለሱ፣ በትልቅ ከተማ መቀመጥ ሲችሉ ይህንን ሩቅ ምድር መረጡ፤ ሰርች የተባለውንም ድርጅት በዚያ አቋቋሙ።

የመጀመሪያ ሥራቸው መጠየቅ ነበር። የደኑ ሰዎች ሆስፒታል እያለ ለምን እንደማይሄዱ ራሳቸውን ሰዎቹን ጠየቁአቸው። መልሱ ከሕክምና መጻሕፍት የሚገኝ አልነበረም። ትልቁ ሕንፃ ያስፈራቸዋል፤ በሽተኛው ሲተኛ ቤተ ዘመዶቹ ከእርሱ ይለያሉ፤ ሐኪሞቹም ነርሶቹም ነጭ ለብሰዋል፤ በእነርሱ ዘንድ ደግሞ በነጭ ጨርቅ የሚጠቀለለው ሬሳ ነው። (ለእኛም መግነዝ ነጭ ነው፤ ነገር ግን የበዓል ነጠላችንም ነጭ ስለሆነ ልብ አንለውም።) ከዚህም የተነሣ አዲሱ ሆስፒታል በመንደራቸው ጎጆዎች አምሳል ተሠራ፣ ዘመዶችም ከበሽተኛው ጋር እንዲያድሩ ተፈቀደ። ስያሜው ሳይቀር ሕዝቡ በሚያከብራት በዳንቴሽዋሪ ስም ሆነ። በዚህ በመጨረሻው ላይ የእኛ እምነት የራሱ አሳብ ይኖረዋል፤ ይሁንና ሰው በባዕድ ደጅ ሳይሆን በገዛ ቤቱ የገባ ያህል እንዲሰማው ማድረግ ምን ያህል መጠንቀቅን እንደሚጠይቅ ከዚህ እንረዳለን።

መጠየቅ የተደበቀውንም ያወጣል። ዶክተር ራኒ ባንግና ባልደረቦቻቸው በሁለት መንደሮች 650 ሴቶችን መርምረው ውጤቱን በ1989 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ከመቶ 92ቱ የማሕፀን ወይም የአባለ ዘር በሽታ ተገኘባቸው፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ዓይነት ምርመራ ቀርበው የሚያውቁት ግን ከመቶ 8ቱ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲሸከሙ፣ ልጅ ሲያሳድጉ ሕመማቸውን ለማንም ሳይናገሩ ኖረዋል። ከመኪና ወርዶ «ምን ያምምሻል?» ብሎ በሰልፍ ፊት ለሚጠይቅ እንግዳ ይህንን የምትናገር ሴት አትገኝም።

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሕፃናት ሞት መለሱ። በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ትንፋሹን ለአንድ ደቂቃ መቁጠር የቻለ ሰው በሽታውን ሊጠረጥር ይችላል። ችግሩ ግን በመንደሩ ያሉት የልምድ አዋላጆች እስከ ሃምሳና እስከ ስልሳ ለመቁጠር አለመቻላቸው ነበር። ለዚህም አንድ ቀላል መሣሪያ ተሠራላቸው፤ የአንድ ደቂቃ የአሸዋ ሰዓትና በሽቦ ላይ የተሰኩ ዶቃዎች ያሉበት። ሕፃኑ አሥር ጊዜ በተነፈሰ ቁጥር አዋላጂቱ አንድ ዶቃ ታሳልፋለች። አሸዋው ሳያልቅ መጨረሻ ዶቃ ላይ ከደረሰች ሕፃኑ ታሟል ማለት ነው፤ ልኩ ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ስልሳ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ ሃምሳ ትንፋሽ ነው። መድኃኒቱም በእጇ አለ። በ1990 በወጣው ጥናት መሠረት በእንዲህ ያለ ሁኔታ ከታከሙት ሕፃናት መካከል የሞቱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት በዶቃ ነፍስ ስታድን ማየት፣ በእኛ አስተያየት፣ ስለ «ያልተማረ ሰው» የምንናገረውን ብዙ ነገር እንድናስብበት ያደርጋል።

የአራስ ቤት ጉዳይ

እጅግ የከበደው ግን የተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት ነገር ነበር። በዚያ አገር ቤተሰብ ጨቅላ ሕፃንን ከቤት ማውጣት አይወድም፤ ሆስፒታሉም ሩቅ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችንም አራስና ልጇ ምች እንዳይመታቸው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው ተብሎ በቤት ተከልለው ይቆያሉ። እንግዲህ ሕፃኑ ወደ ሕክምና የማይወጣ ከሆነ ሕክምናው ወደ ሕፃኑ መግባት አለበት።

ከ1995 ጀምሮ በ39 መንደሮች መጠነኛ ትምህርት ያላቸው የመንደሩ ሴቶች ተመርጠው ሠለጠኑ። እያንዳንዷ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ሕፃኑን የሚያሞቅ ከረጢት፣ ለታፈነ ሕፃን አየር የሚሰጥ መሣሪያ ያዘች። በወሊድ ጊዜ ትገኛለች፣ በተወሰኑ ቀናትም እየተመላለሰች ሕፃኑን ታያለች። የምትጠባበቃቸው ምልክቶች ካቴኪስቶቻችን ሊያጠኗቸው የሚገቡ ናቸው፤ ደኅና ይጠባ የነበረው ሕፃን መጥባት ሲያቅተው ወይም ሲተው፣ ልቅሶው ሲደክም፣ ሲዝለፈለፍና አልነቃ ሲል፣ ሰውነቱ ሲያተኩስ ወይም ሲቀዘቅዝ፣ እትብቱ መግል ሲይዝ፣ ሆዱ ሲነፋ ወይም ማስታወኩ አልቆም ሲል፣ ሲያቃስትና ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ። በዚያ ደን እነዚህ ምልክቶች በአንድነት ሁለት ሆነው ሲታዩ ሴቲቱ ወላጆቹ ሆስፒታል እንዲሄዱ ትመክራለች፤ ካልሆነላቸው ግን በፈቃዳቸው ጄንታማይሲን የተባለውን መርፌ ትወጋለች፣ የሚዋጠውንም መድኃኒት ትሰጣለች። እኛ ግን ጤና ኬላ በአጠገባችን ካለ፣ አንዱ ምልክት እንኳ ሲታይ ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ይገባናል።

አንዲት የመንደር ሴት ጨቅላ ሕፃንን መርፌ እንድትወጋ መፍቀድ በሐኪሞች ዘንድ ብዙ ተቃውሞ አስነሥቷል። ተቃውሞው ከንቱ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ መርፌ በማያውቅ እጅ ይገድላልና። ሆኖም ጥያቄው በሐኪምና በመንደር ሴት መካከል መምረጥ አልነበረም፤ ሐኪሙ በዚያ የለምና። ቤተ ክርስቲያናችን ጥምቀትን የሚፈጽመው ካህን ወይም ዲያቆን መሆኑን እያስተማረች፣ ሕፃን በሞት አደጋ ላይ ሲሆን ግን በአጠገቡ ያለ ማንኛውም ሰው እንዲያጠምቀው መፍቀዷን ካቴኪስቶቻችን ያውቃሉ፤ እንዴት እንደሚፈጸምም አስቀድመው ይማራሉ። በጋድቺሮሊም ፈቃዱ የተሰጠው ከብርቱ ሥልጠናና ከማያቋርጥ ቁጥጥር ጋር ነበር።

ውጤቱ በ1999 በዚያው በዘ ላንሴት ታተመ። በደም መመረዝ ከተያዙት ጨቅላ ሕፃናት መካከል አስቀድሞ ከመቶ 16.6ቱ ይሞቱ ነበር፤ ሴቶቹ ማከም ከጀመሩ በኋላ ወደ 2.8 ወረደ። በሦስተኛው ዓመት በመጀመሪያው ወር የሚደርሰው የሕፃናት ሞት፣ ይህ አገልግሎት ካልተሰጣቸው መንደሮች ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 62 እጅ ቀነሰ። ወጪው ለአንድ ሕፃን 5.3 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ እንክብካቤውን ካገኙት 18 ሕፃናትም የአንዱ ሞት ይቀር ነበር። የሕንድ መንግሥት በ2011 የቤት ለቤት የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤን የአገር አቀፍ መርሐ ግብሩ አድርጎ ተቀበለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ ወደ እኛም ደርሷል። በአገራችን በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሠልጣኝ ሴቶችን መድቧል፤ በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደር አካባቢዎችም ተዘዋዋሪ የጤና ቡድኖች ሲሠሩ ቆይተዋል። በ2013 ደግሞ ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ በማይቻልበት ጊዜ፣ የታመመ ጨቅላ ሕፃንን በጄንታማይሲንና በአሞክሲሲሊን በጤና ኬላው እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። መድኃኒቱ ቀረበ፣ ሥልጠናውም ተሰጠ። የታየው እንቅፋት ሌላ ነው፤ ለሕክምና የሚቀርቡት ሕፃናት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሱ ሆኑ። ሕፃኑ በአራስ ቤት ተከልሎ ይታመማል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ሠራተኛ መወለዱን እንኳ ሳትሰማ ይቀበራል።

በካፋ፣ በሸካና በመዠንግር ደኖች፣ ቤት ከቤት ተራርቆ በተሠራባቸው ሥፍራዎች፣ የአንድን ሕፃን መወለድ ቀድሞ የሚሰማው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ጎረቤትና የልምድ አዋላጅ፣ ከዚያም የጥምቀት መዝገብ የሚይዘው ካቴኪስት ናቸው። ካህኑ ወደ ሩቅ ጸሎት ቤት በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ሲመጣ፣ በመካከሉ ያሉትን እሑዶች ሕዝቡን የሚሰበስበው እርሱ ነው። ልደቱን በሰማ ዕለት ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መልእክት ቢልክ፣ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሊታይ ይችላል።

ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እንድትነጋገሩባት እንጠይቃለን። በዚያ ሥርዓት መሠረት መርፌው በየቀኑ ለሰባት ቀን ነው የሚሰጠው። ከሰባቱ አንዱ ሁልጊዜ እሑድ ነው፤ በዚያ ቀን ጤና ኬላው ዝግ ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱም ገና አራስ ናት፣ መንገዱም ዳገት ነው። ሕፃኑን ማን ይሸከማል? ሠራተኛዋስ የት ታድራለች፣ በሯንስ ማን ያንኳኳል? ይህ ሕፃኑ ከመታመሙ በፊት፣ በቁምስናው ምክር ቤት ወይም በእድር ተቀምጦ ሊወሰን የሚገባው ነው።