አልለቅ ያለ ፍሪሲዮን፦ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ሊደረግ የሚገባ ምርመራ

ሞተሩ እየሠራ፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ማርሽ ለማስገባት ሲሞከር ካምቢዮው የሚጮኽበት አሮጌ የጭነት መኪና በየጋራዡ የሚያጋጥም ነው። እንዲህ ላለው መኪና ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ካምቢዮ ይውረድ» የሚል ነው። ካምቢዮ ማውረድ ግን ጉልበትን፣ ጊዜንና ገንዘብን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ጥፋቱ ከውጭ በምትገኝ አንዲት ጎሚኒ ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ችግሩን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ እየተከተሉ እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ ከሥራው በስተጀርባ ካለው ፊዚክስ ጋር እናቀርባለን።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ጭነት የያዘ መኪና ፍጥነቱን የሚገታው በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ አማካይነት በሞተሩም ጭምር ነው። ሾፌሩ ማርሹን አውጥቶ ዝቅተኛውን ማስገባት ካቃተው የሞተሩን ድጋፍ ያጣል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል።

ፍሪሲዮን ምንድን ነው?

ፍሪሲዮን የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙም ሰበቃ ወይም ፍትጊያ ማለት ነው። መሣሪያውም የሚሠራው በሰበቃ ነው። በሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የተባለ ከባድ የብረት ክብ ይዞራል። ከእርሱ ቀጥሎ በሁለት ገጹ ሸራ የተለበጠ ዲስክ አለ፤ ዲስኩ በመሐሉ ባሉት ጥርሶች አማካይነት በካምቢዮው ዘንግ ላይ ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት ይችላል። ከዲስኩ በስተኋላ በጠንካራ ሞላ የሚገፋ ተጫኝ ሳህን ይገኛል። ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞላው ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ የሞተሩ ኃይልም ወደ ካምቢዮው ይተላለፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ኩሽኔታው የሞላውን ጣቶች ይገፋል፤ ሳህኑ ጥቂት ያፈገፍጋል፤ ዲስኩም ነጻ ይሆናል።

ሁለት ተቃራኒ ሕመሞች

ፍሪሲዮን በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ይታመማል። አንደኛው መንሸራተት ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ግን ዳገት ላይ አይጎትትም። ሁለተኛው አለመልቀቅ ነው። ፔዳሉ ተረግጦም እንኳ ዲስኩ ከሞተሩ ጋር መዞሩን ይቀጥላል። የሸራ ማለቅ በአብዛኛው የሚያስከትለው የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ አልለቅ ላለ ፍሪሲዮን «ሸራው አልቋል» የሚለው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ለአንዱ ሕመም የሌላውን መድኃኒት ማዘዝ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና

መኪናው ሜዳማና ሰው በሌለበት ቦታ ይቁም። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግባቸው። በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ አንድ በአንድ ይሞከሩ። በዚህ ጊዜም ካልገቡ ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው ወይም ወደ ማርሽ ማስገቢያው ዘንጎች መዞር አለበት።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሾቹ በቀላሉ ከገቡ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ ሞተሩ ይነሣ። ከዚያ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ወደ 10 ሴኮንድ ያህል ይጠበቅና የኋላ ማርሽ በቀስታ ይሞከር። መጠበቅ ያስፈለገው ዲስኩ ነጻ ከወጣ በኋላም በእንቅስቃሴ ግዕዙ ለጥቂት ጊዜ ስለሚዞር ነው። ከ10 ሴኮንድ በኋላም ማርሹ የሚጮኽ ወይም መኪናው ሊንቀሳቀስ የሚሞክር ከሆነ ፍሪሲዮኑ አለመልቀቁ ይረጋገጣል።

የእግር ኃይል የሚጓዝበት መንገድ

እንደ አይሱዙ ኤን.ፒ.አር. ባሉ በርካታ መለስተኛ የጭነት መኪናዎች የእግር ኃይል የሚተላለፈው በፈሳሽ ነው። ፔዳሉ የላይኛውን ፖምፓ ይገፋል፤ ፈሳሹ በቱቦ ወደ ታችኛው ፖምፓ ይሄዳል፤ እርሱም ሹካ መሰል ማንሻውን፣ ማንሻውም ኩሽኔታውን ይገፋል። በታሸገ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ ያስረዳው በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው።

ለስሌት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፔዳሉ 150 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ የፔዳሉ ማንሻ ጥምርታ 6 ለ 1 ነው እንበል። የላይኛው ፖምፓ ፒስተን 25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። የፒስተኑ ስፋት በዲያሜትር 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የሚገፋው ፈሳሽ 7.85 ኩብ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የታችኛው ፖምፓ ዲያሜትር 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፒስተኑ 20.7 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። የሹካው ጥምርታ 2 ለ 1 ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው የሚያገኘው 10.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 150 ሚሊ ሜትር የነበረው ጉዞ በመንገድ ላይ ወደ ኃይል ተመንዝሯል። ዲስኩ ነጻ እንዲወጣ 8 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል ብንል፣ ትርፉ ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው።

የአየር አረፋ ምን ያህል ይጎዳል?

በዚህ መንገድ ውስጥ 2 ኩብ ሴንቲ ሜትር አየር ገባ እንበል። የእግር ኃይል 150 ኒውተን ቢሆን በፒስተኑ ላይ የሚያርፈው 900 ኒውተን፣ በፈሳሹ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትም ወደ 28 የከባቢ አየር ግፊት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1662 በታተመው የቦይል ሕግ መሠረት አየሩ ወደ አንድ ሠላሳኛው ገደማ ይጨመቃል። ይህም ማለት ፔዳሉ ከገፋው ፈሳሽ ውስጥ 1.9 ኩብ ሴንቲ ሜትር ያህሉ አየሩን ለመጭመቅ ብቻ ይባክናል። ኩሽኔታው የሚያገኘው ጉዞ ወደ 7.8 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ በውስጡ ግን የተሰበረም ሆነ ያለቀ አንዳች ነገር የለም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. ፔዳሉ። ከሥሩ ያለው ምንጣፍ ጉዞውን እንዳያሳጥር፣ የፔዳሉ መያዣ እንዳይሰነጠቅ፣ መገጣጠሚያዎቹም በመበላት እንዳይላሉ ይታያል። ፒስተኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ያለው ባዶ ጉዞ ከአምራቹ መመሪያ በላይ ከሆነ ይስተካከላል።

2. ፈሳሹ። መጠኑ ከቀነሰ የፈሰሰበት ቦታ መፈለግ አለበት። የላይኛው ፖምፓ ሲያፈስ በጋቢናው ውስጥ በፔዳሉ አካባቢ፣ የታችኛው ሲያፈስ ደግሞ በአቧራ መከላከያው ጎማ ሥር እርጥበት ይታያል። የሚጨመረው አምራቹ ያዘዘው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ለብዙ ዓመታት ካልተለወጠ ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል።

3. የታችኛው ፖምፓ ጉዞ። የምርመራው ዋና መስቀለኛ መንገድ ይህ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፤ ረዳት ፔዳሉን ይርገጥ፤ መርማሪው የፖምፓው ዘንግ የሄደበትን ርቀት በማስመሪያ ይለካ። ልኩ ከሚጠበቀው ካነሰ ጥፋቱ ከውጭ ነው፤ ካምቢዮ መውረድ የለበትም። ልኩ ሙሉ ሆኖ ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ጥፋቱ ከውስጥ ነው። የእግር ኃይል በዘንግ ወይም በገመድ በሚተላለፍባቸው ቀደምት መኪናዎችም ሹካው ላይ መለካቱ ያንኑ መልስ ይሰጣል።

4. አየርና ጎሚኒ። ፔዳሉ ቶሎ ቶሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑ ለጊዜው የሚለቅ ከሆነ አየር ወይም የላይኛው ፖምፓ ይጠረጠራል። ፔዳሉ ተረግጦ እንደተያዘ ዘንጉ ቀስ በቀስ የሚመለስ ከሆነና ፈሳሽ ወደ ውጭ ካልታየ፣ የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ ፈሳሹን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። ሲረገጥ የሚያብጥ አሮጌ የጎማ ቱቦም ጉዞውን ይሰርቃል።

ጥፋቱ ከውስጥ ሲሆን

ልኩ ወደ ውስጥ ካመለከተ የመኪናው ታሪክ ይጠየቅ። መኪናው ክረምቱን ያለ ሥራ ቆሞ ከነበረ ዲስኩ በዝገት ከቮላኖው ጋር ተጣብቆ፣ ወይም ጥርሶቹ በዘንጉ ላይ ዝገው ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከጥገና በኋላ ወዲያው ከታየ ዲስኩ ተገልብጦ መገጠሙ ይጠረጠራል። በድንገት ከመጣ የተሰበረ የሞላ ጣት ወይም የተሰነጠቀ ሹካ፣ ቀስ በቀስ ከመጣ ደግሞ የሹካው መደገፊያ መበላት ይታሰባል። በቮላኖው መሐል የካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ የሚደግፈው ትንሽ ኩሽኔታ ከደረቀም፣ ዲስኩ ነጻ ቢወጣ እንኳ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር ያዞረዋል።

ካምቢዮው ሲወርድ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። የአሮጌ መኪና ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው በአየር ግፊት መነፋት የለበትም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ማጠቃለያ

በዚህ ምርመራ ውስጥ ያስፈለጉት መሣሪያዎች አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ረዳትና በክፍል ውስጥ የምንማረው ፊዚክስ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ወሳኙ ግን ቅደም ተከተሉ ነው፤ ያልተለካ ነገር አይፈታም።

መልመጃ፦ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ አየሩ 1 ኩብ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን የኩሽኔታው ጉዞ ስንት ይሆናል? መልሱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ይለቃል። የፔዳሉ መገጣጠሚያዎች በመበላታቸው ከፔዳሉ ጉዞ ሌላ 20 ሚሊ ሜትር ቢባክንስ? አንባቢ አስልቶ ይድረስበት። ሁለት ትንንሽ ጉድለቶች ለየብቻቸው ሳይታወቁ ኖረው፣ በአንድነት አንድ መኪና እንዴት እንደሚያቆሙ ያያል።