ሃይማኖትና ኩባያ ምን አገናኛቸው?

 

ቅዳሜ ቅዳሜ የምንማርበት አዳራሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ታውቃላችሁ። እኛ ግን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም አብረን ነው የምንማረው። ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ “እባካችሁ የፎም ኩባያ አትጠቀሙ” የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይታችኋል አይደል? ያኔ አንዱ ልጅ “ቲቸር፣ ሃይማኖትና ኩባያ ምን አገናኛቸው?” ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው! እስቲ አብረን እንየው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። ከ800 ዓመት በፊት በጣሊያን አገር፣ አሲዚ በምትባል ከተማ፣ ፍራንቸስኮስ የሚባል ሰው ነበር። የሀብታም ነጋዴ ልጅ ሆኖ ሳለ ሀብቱን ትቶ ከድሆች ጋር ኖረ። ፀሐይን እንደ ወንድም፣ ውሃን እንደ እህት ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለአካባቢ ጥበቃ የሚሠሩ ሰዎች ጠባቂ ቅዱስ አድርጋ ሰየመችው።

በ2013 የተመረጡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትም የዚህን ሰው ስም ወስደው “ፍራንቸስኮስ” ተባሉ። በ2015 “ላውዳቶ ሲ” የሚባል መልእክት ጻፉ፤ በአማርኛ “ውዳሴ ላንተ ይሁን” ማለት ነው። እሳቸው በ2025 ዐረፉ፤ መልእክታቸው ግን ዛሬም በየቁምስናው ይነበባል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ምድር የሁላችንም የጋራ ቤት ናት፤ ስትጎዳ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ድሃው ነው።

ታዲያ ቁምስናዎች ምን ያደርጋሉ? አንዳንዶቹ አምፖል ይቀይራሉ፣ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይተክላሉ፣ በግቢያቸው አትክልት ያለማሉ። ቫቲካን ራሷ በ2008 በአንድ ትልቅ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ከ2,000 በላይ የፀሐይ ሰሌዳዎች አስተክላለች። በየዓመቱም ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 4 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ስለ ፍጥረት ይጸልያሉ። መስከረም 1ን ለዚህ ጸሎት መጀመሪያ የሰየሙት የቁስጥንጥንያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሲሆኑ፣ ዘመኑም 1989 ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ እንዳይመስላችሁ! በጎንደርና በጎጃም ገጠር ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን በጽድና በወይራ ደን ተከቦ ይታያል። ዛፉ የቆመው ሕዝቡ የደብሩን ደን ስለሚያከብር ነው። ቤት ስትገቡ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልናዘዝ። ለሻይ ሰዓት የፎም ኩባያ የምገዛው እኔ ነኝ፤ ርካሽ ነዋ! ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 60 ልጆች በ40 ቅዳሜ 2,400 ኩባያ ትጥላላችሁ። ፎም ደግሞ እንደ ሙዝ ልጣጭ በስብሶ አፈር አይሆንም። በደብተሬ ላይ የኩባያውን ዋጋ ጽፌያለሁ፤ ቆሻሻውን ግን የትም አልመዘገብኩትም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ሁላችሁም፣ እኔም ጭምር፣ ከቤት ኩባያ ይዘን እንመጣለን። ስማችሁን በአማርኛ ጻፉበት!

አዳዲስ ቃላት
ቁምስና – በአንድ ቆሞስ (ካህን) የሚመራ የአካባቢ ምእመናን ማኅበር
ምእመናን – አማኞች
ደብር – ቤተ ክርስቲያንና ግቢው
ፍጥረት – እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ

የቤት ሥራ
1. “የጋራ ቤት” ማለት ምን ማለት ነው? በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
2. አንድ አዳራሽ ባለ 60 ዋት 20 አምፖሎች ነበሩት። ሁሉም በባለ 9 ዋት ተቀየሩ። አሁን ሁሉም ሲበሩ ስንት ዋት ይተርፋል?
3. ወላጆቻችሁ ያደጉበት አካባቢ የማይቆረጥ ዛፍ ነበር? ለምን አይቆረጥም? ጠይቃችሁ ጻፉ።

በሉ ልጆች፣ ቅዳሜ ከነኩባያችሁ ያገናኘን!

አስተማሪያችሁ