ዘር ስትቆጥር አፈሩንም ቁጠር

ልጄ፣ የመረጥሃት ልጅ አያት እግራቸው ያበጠ ነው ብለው ዘመዶቻችን ሽማግሌ ከመላክ እንዳመነቱ ሰማሁ። ደብረ ታቦር ላይ ዘር ሲቆጠር ከሚቀመጡት አንዱ ነኝና ስማኝ።

1. በሽታውን ለይተህ እወቅ። ዝሆኔ የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። በቆላ፣ ጋምቤላን በመሰለ አገር፣ በትንኝ ንክሻ የሚገባ ትል የሚያመጣው አለ። የደጋው ፖዶኮኒዮሲስ ግን ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። የሚይዘው በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረን ሰው ነው። የጉና ተራራችን ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ከእንዲህ ካለ ድንጋይ የተፈጨ አፈር ውስጥ ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ ሰርጎ ይገባል፤ ሰውነት ሲቆጣው ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ መተላለፊያው ይደፈንና ፈሳሹ እግር ላይ ይቀራል።

2. የዘርን ድርሻ አትካድ። ዘመዶችህ የሚሉት ከባዶ አልተነሣም። ወላይታ ላይ በተሠራ ጥናት የሕመምተኛ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ሕመምተኞችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ልዩነቱን ኤችኤልኤ በተባለው፣ ሰውነት ባዕዱን ከራሱ በሚለይበት የጂን ክፍል አገኙት። በአንድ ማሳ በባዶ እግር ካረሱ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈውም በዚህ ነው። ሆኖም ያንኑ ጂን ይዞ የተወለደ ልጅ እግሩ አፈሩን ሳይነካ ካደገ አያብጥም። ዘሩ ብቻውን አያሳምምም፤ አፈሩም ሁሉን አይጥልም።

3. ጋብቻህን አትተው። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው እንጂ የታመመ ቤት ለማግለል አይደለም። በዚህ ሰበብ ሳይዳሩ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ፤ ያንገበግበኛል።

4. ልጅ ስትወልዱ ከመጀመሪያ እርምጃው ጀምሮ ሽፍን ጫማ አልብሱት። በረባሶ ጭቃ አይከለክልም። ማታ ማታ እግሩን በሳሙና እጠቡት።

5. አያቷም አልመሸባቸውም። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እግርን አዘውትሮ ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ትኩሳት እያስነሣ የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልትጠይቃቸው ስትሄድ ሳሙና ያዝ፤ ጤና ጣቢያም አንተው ይዘሃቸው ሂድ። ሽማግሌነቱን ለእኔ ተወው፤ እሑድ እሄዳለሁ።