መሬት ውስጥ የቀረው የነፍጥ ታሪክ

ገበሬ ሲያርስ፣ እርከን ሲሠራ ወይም ጉድጓድ ሲቆፍር አንዳንድ ጊዜ የድሮ ዕቃ ያወጣል። ዕቃው ትንሽ ከሆነ «ምን ይረባል?» ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ለልጆች መጫወቻ ይሰጠዋል። እኛ ለማስተማር ወደ ወለንጪቲ የመጣን ተማሪዎች ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ትንሽ ዕቃም ታሪክ እንደሚናገር ለማሳየት ነው።

ነፍጥ በአገራችን

በ1521 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግልና የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ ተዋጋ። ቦታው ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ሞጆ በኩል ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ተዋጊ የያዘው ጦር፣ ጎራዴና ጋሻ ነበር። በ1533 ዓ.ም. 400 ያህል ፖርቱጋሎች በክሪስቶፎሮስ ዳ ጋማ መሪነት ነፍጥ ይዘው በምፅዋ ገቡ። ኢማሙም በበኩሉ ከቱርኮች ነፍጠኞችና መድፍ አስመጣ። በ1535 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ወይና ደጋ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ባሩድ የምንለው ቃል በዐረብኛም በቱርክኛም አለ። ከዕቃው ጋር ስሙም አብሮ ተጓዘ ማለት ነው።

ከነፍጥ ጋር የሚሄዱ ዕቃዎች

ባሩድ የሚሠራው ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ከሚወጣ ልዩ ጨው ነው። ጨው በውሃ ስለሚሟሟ ባሩዱ ራሱ መሬት ውስጥ ብዙ አይቆይም። የሚቆዩት ሌሎች ናቸው፦ የእርሳስ ጥይት፣ ጥይት የሚቀረጽበት ቅርጽ፣ የባሩድ ቀንድ አፍ፣ የነፍጡ ብረት። በመጀመሪያው ዘመን ነፍጥ የሚተኮሰው ቀስ ብሎ በሚነድ ገመድ ነበር። ምላጩ ሲሳብ የገመዱ ፍም ባሩዱ ላይ ይወርዳል። ኋላ ግን በገመዱ ፈንታ ብረት ሲመታ እሳት የሚተፋ ድንጋይ መጣ። በአካባቢያችን የሚገኘው ጥቁር ባልጩት ከዚህ ጋር አይምታታብን፤ እሱን ስለው ቢላና መፋቂያ ያደረጉት ነፍጥ ከመምጣቱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ናቸው።

በ1537 ዓ.ም. ሜሪ ሮዝ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሰጠመች። በጥቅምት 1975 ዓ.ም. ከባሕር ስትወጣ የመድፍ ገመድ መያዣ እንጨቶች እንኳ ተገኙ፤ አንዳንዶቹ ጫፋቸው በእጅ ጭብጥ መልክ የተቀረጸ ነው። እንጨቱን ከመበስበስ ያዳነው ጭቃው ነው።

ጥይት እንዴት ይነበባል?

የድሮ ጥይት ድቡልቡል ነው፤ ለመጠኑ ይከብዳል፤ ላዩን ነጣ ያለ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ክብ ሆኖ ከቆየ ምናልባት ሳይተኮስ የወደቀ ነው። ከተጨፈለቀ ግን ተተኩሶ አንድ ነገር መትቷል። ብዙ ጥይት በአንድ መስክ ሲገኝ፣ አዋቂዎች እያንዳንዱ የወደቀበትን ቦታ በካርታ ላይ ያስፍራሉ። ከዚያም ተኳሾቹ የት እንደ ቆሙ፣ ጥይቱ ወዴት እንደ ሄደ ይታወቃል። ታዲያ ጥይቱን አንስተን ኪሳችን ከከተትነው ከታሪኩ ግማሹ ይጠፋል። እርሳስ 327 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ በቤት እሳት ይቀልጣል። ካቀለጥነው ደግሞ ታሪኩ ጨርሶ ይጠፋል፤ ጭሱም ሆነ እርሳሱ የነካው ድስት ልጆችን ይመርዛል።

ምን እናድርግ?

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ ዕቃውን ካለበት አናንሳው። ቦታውን በድንጋይ ምልክት እናድርግበት፤ ቀኑንና የማሳውን ስም በደብተር እንጻፍ፤ ለሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት እንንገር። የዘመኑን ጥይት ወይም ቦምብ ካየን ግን ሳንነካ ርቀን ለፖሊስ እናስታውቅ። ልጆችንም እናስጠንቅቅ። መጻፍ የተማርነው ለደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ያገኘነውን መዝግቦ ማቆየትም አንዱ ጥቅሙ ነው።

ጥያቄዎች

1. ባሩድ መሬት ውስጥ ለምን አይቆይም?
2. ክብ ጥይትና የተጨፈለቀ ጥይት ምን ይነግሩናል?
3. በማሳችሁ የድሮ ዕቃ ብታገኙ በደብተራችሁ ምን ምን ትጽፋላችሁ?