በመስኮት ያላየሁት ዓባይ

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ የተሰጠን አሳይመንት አንድ ጉዞ አንባቢ በዓይኑ እንዲያየው አድርጎ መጻፍ ነበር። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄጄ ስለነበር ከክፍሉ እንደኔ ዕድለኛ የለም ብዬ ጻፍኩ። «ከበታቼ ዓባይ እንደ ዘንዶ ተጠምዝዞ ይታየኛል» የምትል ዓረፍተ ነገርም አስገባሁ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከሥሯ በቀይ አስምረው «በየትኛው በኩል ተቀምጠሽ ነበር?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር በመስኮቱ ያየሁት ሞተርና ዓይን የሚወጋ ፀሐይ ብቻ ነው። ዘንዶውን ያመጣሁት ከጂኦግራፊ ትምህርቴ ነበር።

ማርክ ተቀነሰብኝ። አላዘንኩም ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ነገሩ ስለከነከነኝ ግን ካርታ ዘርግቼ ጥያቄያቸውን ለመመለስ ሞከርኩ።

ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ናት። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደዚያ ካዞረ በቀኝ ያለው ሰሜን ምሥራቅ፣ በግራ ያለው ደቡብ ምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ስለሆነች በቀኝ የተቀመጠ ሰው ነጸብራቁ ፊቱ ላይ ይመጣበታል፤ አገሩም ነጭ ጭጋግ ይመስለዋል። በግራ የተቀመጠ ግን ብርሃኑ ከጀርባው ስለሚመጣ የገደሉ ግድግዳ በርቶ ይታየዋል። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ አቅጣጫው ይገለበጣል፣ ፀሐይዋም ወደ ምዕራብ ትዞራለች። ሁለቱም ስለተገለበጡ እንደገና ግራ ይሻላል! ይሄን ወረቀት ላይ ሥዬ እስካየው ድረስ አላመንኩም ነበር።

የዓባይ ሸለቆ የሚመጣው በረራው ከመጋመሱ በፊት ነው። ትክክል ከሥር ያለውን ማንም መንገደኛ አያየውም። ቀኝ የተቀመጠ ወንዙ የሚመጣበትን፣ ግራ የተቀመጠ የሚሄድበትን ያያል። ጣና በየትኛው በኩል እንደሚታይ ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል፤ አውሮፕላን የሚያርፈው የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ክንፉ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው 400 ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ መሬቱን አይሸፍንም። ችግሩ ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ሞተር ነው። መካከል የተቀመጠ ሰው (እኔ ማለት ነው) ፕሮፔለርና ጎማ ሲያይ ይከርማል። ስለዚህ ወይ ከፊት፣ ወይ ወደ መጨረሻው መቀመጥ ነው፤ ከሞተሩ ትንሽ ኋላ ያሉት ወንበሮች ላይ ደግሞ ትኩሱ አየር ዕይታውን ያርገበግበዋል። ቦይንግ 737 ከሆነ ክንፉ ከታች ስለሆነ መካከሉ ጭራሽ አይሆንም። በአንዳንዶቹ 737 ላይ ከክንፉ ፊት በግራ በኩል የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፍ «የመስኮት ወንበር» ተብሎ መስኮት የሌለው ቦታ አለ። ቼክ ኢን ሲያደርጉ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነው፤ እኔ አፍሬ የሰጡኝን ተቀበልኩ።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሁሉንም ይውጠዋል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት አየሩ የታጠበ፣ መሬቱም አረንጓዴ ነው። እኩለ ቀን ደግሞ ጥላ ስለሌለ ገደሉ ሜዳ ይመስላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከሠርጉ የተመለስኩት በአውቶቡስ ነበር። ከደጀን ቁልቁል እየተጠማዘዝን ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ ዓባይን ከአንድ ሰዓት በላይ አይቼዋለሁ። ሙቀቱ፣ የፍሬኑ ሽታ፣ አጠገቤ የነበሩት እናት ሲያማትቡ፣ ሁሉም ትዝ ይለኛል። ያልጻፍኩት አውሮፕላን የበለጠ ስለመሰለኝ ነው።

አሳይመንቱን ደግሜ ጻፍኩት። የበረራው ክፍል ውስጥ ዓባይ የለም፤ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ እየታጠፈ የሚገባው ጎማ ግን አለ። ማርኩ አልተስተካከለልኝም።